ባሕር የሚበላው ብረት

ሮማ፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለአጎቴ ለጋሼ ግዛቸው፤ ጎርጎራ

የጥምቀት በረከት በደጅዎ ይግባ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሐይቁ ነፋስስ አላስቸገረዎትም? እኔ በቸርነቱ ቆሜ እሄዳለሁ። ከእርስዎና ከልጄ ከእየሩስ ናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም።

እዚያ ኔትወርኩ ከተዘጋ ወዲህ ወሬያችሁን የምሰማው በመንገደኛ ነው። ቢከፈትስ ለእርስዎ ምን ሊጠቅም፤ በመርከብ ሞተር የደነቆረ ጆሮ የኔን ቀጭን ድምፅ ከየት ይሰማል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መጣሁብዎ። ደብዳቤውን የምትይዘው ሚለን ናት፤ ቪያ ቮልቱርኖ ምግብ ቤት የምትሠራ ደግ ልጅ። እናቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ ስትገባ ለጎንደር መንገደኛ ትሰጥልኛለች።

የማስታምማቸው ሲኞራ በኅዳር አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጆቻቸው ቤቱን ሲቆልፉት ሥራዬም አልጋዬም አብሮ ተቆለፈ። አሁን ኤስኲሊኖ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ይዣለሁ። እንዳይጨነቁ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። ምን እንደሆነ ስነግርዎ ይስቃሉ፤ የጀልባ ሆድ አጥባለሁ።

ከተርሚኒ በሜትሮ እስከ ማልያና፣ ከዚያ በኮትራል አውቶቡስ ፊውሚቺኖ እወርዳለሁ። የሮማው ወንዝ ቴቬሬ ከባሕር የሚገናኝበት ነው። እዚያ ካንቲዬሬ አለ፣ የጀልባ መጠገኛ ግቢ። ባለ ሸራ ጀልባዎችን በብርዱ ወራት በክሬን ከባሕር ያወጣሉ፣ ሆዳቸውን ያስፍቃሉ፣ ቀለም አስቀብተው ሙቀት ሲገባ ይመልሷቸዋል።

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ጀልባዋ ውኃ ላይ ሳለች ነጭ፣ ንጹሕ፣ ሙሽራ መስላ ነበር። ክሬኑ በሰፊ ቀበቶ አንስቶ ወደ ላይ ሲያወጣት ከወገቧ በታች ያለው ታየ። ጋሼ፣ ጫካ ነው። ረጅም አረንጓዴ ሣር ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ቀፎ ያላቸው ነገሮች እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግገዋል፣ ከመሐላቸው ትንንሽ ሸርጣኖች እየወደቁ ይሮጣሉ። ከሥሩ ደግሞ ነጭ ድንጋይ የመሰለ፣ ጫፉ የሚቆርጥ ነገር ሆዷን ሞልቶታል። ይህ ሁሉ ማንም ሳይዘራው በአንድ ዓመት የበቀለ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ስቀር አለቃዬ ሳቀብኝ።

አለቃዬ ዑቕባዝጊ ይባላል፤ የምፅዋ ሰው ነው፣ አማርኛውን በልጅነቱ ትምህርት ቤት የተማረ። «ባሕር ራቁት ነገር አይወድም፤ ያገኘውን ሁሉ ያለብሳል» አለኝ። ነጩን ጣልያኖች የውሻ ጥርስ ነው የሚሉት። እሱ ከሸፈናት ጀልባዋ ነፋስ እያላት አትሄድም። ኤሊካው፣ ማለቴ ፕሮፔለሩ፣ እሱ ከበቀለበት ሞተሩ ቢያጓራም ውኃውን መግፋት ያቅተዋል። እርስዎ ባሕር ኃይል ነበሩና ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል። ለምን አንድ ቀን እንኳ አላወሩንም?

አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። እስከ ሰኔ ሥራዬን ከወደዱልኝ ኮንትራቶ፣ የሥራ ውል፣ ይሰጡኛል። ኮንትራቶ ካለኝ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይታደሳል፣ ቤትም በስሜ እከራያለሁ፣ እየሩስንም ማምጣት እችላለሁ። የወለድኳት እኔ ብሆንም ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። በአገራችን ልጅ ከአሳዳጊዋ እጅ የምትወጣው በአሳዳጊዋ ምርቃት ነው። ሕጉ ቢፈቅድልኝ እንኳ ያለ እርስዎ ቃል አልወስዳትም። የምለምንዎ አንድ ቃል ነው፤ እሺ ይበሉኝ።

ልጄን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ሰብለወንጌል


ጎርጎራ፣ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወንጌል፤ ሮማ

የደብረ ሲናዋ እመቤት ባለሽበት በጥላዋ ትጋርድሽ። ክፉ አይንካሽ፣ የክፉም ሰው ዓይን አይይሽ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የማነበው አጥቼ አይደለም። ከምፅዋ ከወጣሁ ወዲህ ስለዚያ ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሰው ስለ ውጊያ ነው የሚጠይቀው። ለምን አላወሩንም ትያለሽ። የባሕር ወሬ ባሕር ላላየ ሰው ምን ተብሎ ይወራል? አሁን ግን አየሽው።

አዲስ ምልምል ሳለሁ መርከቡ ወደ ደረቅ ሲጎተት መፋቂያ ሰጥተው ከሆዱ ሥር ሰደዱን። ያቺ ጥርስ ጉልበቴን እስከ አጥንቴ ከፍታዋለች። በዚያ ሙቀት ቁስሉ አልደርቅ ብሎ ስንት ወር አነከስኩ። አሁን የሚጠዘጥዘኝ ጉልበት እሱ ነው። ለሰው የጥይት ነው ብዬ አላውቅም፣ እነሱ ግን የጥይት ይመስላቸዋል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

እንግዲህ ምክሬን ስሚ። ከቀለም በፊት ጨውን በንጹሕ ውኃ እጠቢው። እርጥብ ላይ አትቀቢ። አፍንጫና አፍሽን ሸፍኚ፣ ያ ቀለም ለነሱ መርዝ ከሆነ ለአንቺም ማር አይሆንም። የመርከባችን ሹም «ቀለም የሌለው ብረት በሩ ያልተዘጋ ቤት ነው» ይል ነበር። አንቺም ያልተቀባ ብረት አይተሽ አትለፊ።

እዚህ የውሻ ጥርስ የለም፣ ጣናን የያዘው እምቦጭ ነው። ነፋሱ ሲገፋው ወደባችን ሜዳ ይመስላል፣ ላሟ እንኳ ተሳስታ ልትገባበት ትደርሳለች። የጀልባዎቹን ፕሮፔለር እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል። እኔም ሥራ አልፈታሁም፤ ማጭድ ይዤ ወርጄ እፈታላቸዋለሁ። የጨው ባሕር ጥርስ ያበቅላል፣ የኛ ደግሞ ፀጉር ያበቅላል። ሁለቱም ከፕሮፔለር ጋር ምን ቂም እንዳላቸው አላውቅም።

እየሩስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ወደቡ ትመጣለች። ባለ ጀልባዎቹ የሚሉኝን በጣቷ መዳፌ ላይ ትጽፍልኛለች። ፊደል የቆጠረችውም እዚያው መዳፌ ላይ ነው። ከፊቴ ቆሞ አፉን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ሁሉ በሷ ነው የምሰማው። ጆሮዬ እሷ ናት።

ቀደም ሲል ላኪልኝ ያልኩሽ የጉልበት ቅባት ይቅር። በሱ ፈንታ አንድ የውሻ ጥርስ ላኪልኝ። ለልጅቷ ላሳያት።

የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤአለሁ።

አጎትሽ ግዛቸው


ሮማ፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ግዛቸው

የተያዘውን ጾም በጤና ያስፈጽምዎ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎ። ደብዳቤዎን የከፈትኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ የጉልበትዎን ምስጢር ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ሰው ዞሮ አየኝ።

የውሻ ጥርሱን በጥጥ ጠቅልዬ በትንሽ ብልቃጥ ልኬዋለሁ። ባዶ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሞቷል። በሕይወት ያለውን ቢያዩት ግን! ዑቕባዝጊ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ አንድ አግኝቶ በብርጭቆ የባሕር ውኃ ውስጥ አስቀመጠልኝ። «ዝም ብለሽ ጠብቂ» አለኝ። ጫፉ ላይ ትንሽ በር ተከፈተች። ከውስጥ እንደ ቅንድብ ፀጉር የቀጠነ ነገር ወጣ፣ ውኃውን ጠረገ፣ ተመልሶ ገባ። እንደገና ወጣ። እግሮቹ ናቸው። ይህ ፍጥረት ራሱን ከድንጋይ ጋር አጣብቆ፣ ዕድሜ ልኩን ተዘቅዝቆ፣ በእግሩ ነው ወደ አፉ የሚያጎርሰው። ምሳዬን ሳልበላ የዕረፍት ሰዓቴ አለቀ።

ሲፈለፈል እንዲህ አልነበረም አለኝ። ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ዋናተኛ ነው፤ ባሕሩን ሁሉ ይዞራል። ሲያድግ ቦታ ይፈልጋል። አንዱ ላይ ያርፍና እየዳሰሰ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ካልተስማማው ተነስቶ ይሄዳል። ከተስማማው ግን ከራሱ ሙጫ ያወጣል። ውኃ ውስጥ የሚደርቅ ሙጫ ነው ጋሼ፣ ሰው እስካሁን እንደሱ አድርጎ መሥራት አልሆነለትም ይላሉ። ከዚያ ወዲያ መነሳት የሚባል ነገር የለም። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስፍቃቸው ታሳዝነኛላችሁ እላቸዋለሁ። እፍቃቸዋለሁ ግን፤ እንጀራዬ ነው።

የምንቀባው ቀለም መዳብ አለበት። ውኃው ቀስ እያለ ስለሚያሟሟው ላዩ ያልቃል፣ አዲስ ፊት ይወጣል። ሊጣበቅ የመጣው ሁሉ የቆመበት መሬት ይከዳዋል። ወንዙ ውስጥ የሚያድሩት ጀልባዎች ደግሞ ያለ ቀለምም ትንሽ ይሻላቸዋል፤ ጨው የሌለው ጣፋጩ ውኃ የባሕሩን ልጆች ይገድላቸዋል። ሮማን አቋርጦ ያን ሁሉ ጉድፍ ተሸክሞ የሚመጣው ወንዝ መድኃኒት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ትልቁን ወሬ ልንገርዎ። አንዲት ጀልባ ሙሉ በሙሉ ለኔ ተሰጠችኝ። አውሮራ ትባላለች። ባለቤቷ ዶቶሬሳ ማርቼላ ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም ናት፤ የውሻውን ጥርስ ግን የምነቅለው እኔ ነኝ። ፈተናዬ እሷ ናት። በሰኔ መጀመሪያ ፓድሮኔው፣ የግቢው ባለቤት፣ ሥራዬን አይቶ ኮንትራቶ ይፈርምልኛል ወይም ያሰናብተኛል።

ምክርዎንም አልረሳሁም። የኤሊካው ዘንግ ላይ የታሰረች የጡጫ ያህል ብረት አለች። ማንም ቀብቷት አያውቅም፤ ተቦርቡራ፣ ተበልታ አሳዘነችኝ። ዑቕባዝጊ በዚያ ቀን ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር። ያልተቀባ ብረት አይተሽ አትለፊ ያሉኝን አስቤ፣ ፍቄ አጽድቼ ሦስት እጅ ቀባኋት። አሁን ከሌላው አትለይም። ቃልዎ እዚህ ድረስ መጥቶ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ጋሼ፣ ስለ እየሩስ ምንም አላሉኝም። ጆሮዬ ናት ያሉትን አንብቤ ልቤ ተነክቷል። ግን ሰባት ዓመት ነው። ስትስቅ ምን እንደምትመስል በፎቶ ነው የማውቀው። እሺ ይበሉኝ።

ልጅዎ ሰብለወንጌል


ጎርጎራ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰብለ ልጄ

ሰላምታውን ኋላ እናደርሰዋለን። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ሳትቀመጪ ሄደሽ ያን ቀለም ፍቀሽ አንሺው።

ያቺ ብረት ዚንክ ናት። የተበላችው ሥራዋ መበላት ስለሆነ ነው። ሁለት ዓይነት ብረት በጨው ውኃ ውስጥ ተነካክተው ከኖሩ ባሕር አንዱን ይበላል። ደካማውን መርጦ ነው የሚበላው፣ ማን እንዳስተማረው እንጃ። ስለዚህ የጥንት ባሕረኞች መላ አገኙ፤ ከሁሉ ደካማ የሆነውን ዚንክ ራቁቱን ከፕሮፔለሩ አጠገብ ያስሩለታል። ባሕሩ ዚንኩን እየበላ ፕሮፔለሩን ይተዋል። ዚንኩ ሲያልቅ አዲስ ያስሩለታል። የሞተር ክፍል ሹማችን ይህን ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር። ዓመት ቆይተን መርከቡን ስናወጣው ፕሮፔለሩ እንደ ወርቅ ያበራል፣ ዚንኩ ቅርጹ ጠፍቷል። ቆሜ ቀረሁ። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል።

አንቺ ከቀባሽው ግን ባሕሩ ወደ እሱ መድረስ ያቅተውና ፊቱን ወደ ፕሮፔለሩ ያዞራል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ከዚንኩ በቀር» ማለት ነበረብኝ። አንቺም የሽማግሌ ቃል ነው ብለሽ አለቃሽን ሳትጠይቂ ሠራሽ። እንዲህ አድርገን ስላሳደግንሽ አልፈርድብሽም።

ስለ እየሩስ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። አሁን ግን ቀለሙ ይቅደም። የውሻ ጥርሱ ደርሶናል፤ ከራስጌዋ አድርጋዋለች።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ ወደ አዘዞ የሚሄድ መኪና የለም። እየሩስ መናኸሪያ ጠይቃ መጥታ መዳፌ ላይ «ነገ» ብላ ጻፈች። ትናንትም «ነገ» ነበር ያለችኝ። ከአንቺ ምንም አልፈልግ፣ ቅባትም ሌላም አትላኪ። ቀለሙን ብቻ አንሺልኝ።

ግዛቸው


ሮማ፣ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ግዛቸው

የጰራቅሊጦስ ሰላም ይብዛልዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰኔ ሲገባ ነው። አውሮራ ወደ ባሕር ከተመለሰች ከወር በላይ ሆኗት ነበር።

ያነበብኩት ኮትራል ላይ ቆሜ ነው። በዚያው ሳምንት ፓድሮኔው ሊፈርምልኝ ቀጥሮኝ ነበር። ዝም ብል እስከሚመጣው የብርድ ወራት ማንም አያውቅም ነበር፤ ያኔ ደግሞ ኮንትራቶው በእጄ ነው፣ እየሩስም አጠገቤ። ሆዴ ሁለት ሆነ። ፌርማታዬ አልፎኝ በእግሬ ተመለስኩ፤ እየተመለስኩም ዝም በይ፣ ተናገሪ እያልኩ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ኤሊካው ሥር ባሕሩ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ እየበላ ነው የሚለው ነገር አላስቆም አለኝ።

ደብዳቤውን ለዑቕባዝጊ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ አጥፎ ያዘውና «ይህን የጻፈው ሰው የት ነበር?» አለኝ። ምፅዋ አልኩት። በየት በኩል እንደነበሩ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላልኩም። «ዚንኩን ቀይሪ ብዬ አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው» ብሎ ወደ ፓድሮኔው ቢሮ ቀድሞኝ ገባ።

ፓድሮኔው ጮኸ። እንዴት አድርጎ እንደሚጮህ እርስዎ እንኳ ይሰሙት ነበር። ከዚያ ክሬኑን አስነሳ።

ጋሼ፣ አውሮራ ከውኃ ስትወጣ ሆዷ እንደቀባሁት ነበር። ሣር የለ፣ ቀፎ የለ፣ አንድ የውሻ ጥርስ እንኳ የለ። ውኃው እንደ ዘይት ተንሸራቶ ወረደ። ወደ ኤሊካው ግን ተጠግቼ በጣቴ ዳሰስኩት። ነሐሱ የወርቅ መልኩን ትቶ የድድ መልክ ይዟል፤ ዳርዳሩ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። በአንድ ወር ነው ይህን ያደረገው። እኔ ያሳዘነችኝን ስሸፍን ሌላውን አሳልፌ ሰጥቼ ኖሯል። ያ ሁሉ ውኃ፣ ያን ያህል ሰፊ ባሕር፣ አንዲት የጡጫ ያህል ብረት አጥቶ ነው እንዲህ የሆነው። ቆሜ አማተብኩ፤ ዑቕባዝጊም አማተበ።

መበላቱ እስከ ውስጥ አልዘለቀም፣ ኤሊካው ይተርፋል ተባለ። ሁለት እሑድ ገብቼ ኤሊካውን አጸዳሁት፤ አዲሱን ዚንክ ራቁቱን በእጄ አሰርኩት። ዶቶሬሳ ማርቼላ መጥታ የጀልባዋን ሆድ በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ኤሊካውን ዳሰሰችው። «የሚመጣውም ዓመት ሰብለ ናት የምትሠራት» ብላ ሄደች። ፓድሮኔውም እያጉረመረመ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለና ፈረመልኝ።

አሮጌውን ዚንክ ቀለሙን አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ዑቕባዝጊ ሰላም በይልኝ ብሏል። «ልጅ ሆኜ የወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጬ መርከቦቻቸው ሲገቡና ሲወጡ አይ ነበር በያቸው» ነው ያለኝ።

እንግዲህ ኮንትራቶው አለኝ። የቀረኝ የእርስዎ ቃል ነው። እንዳልሰማሁ አልሆንም፤ ልጅቷን ስወስድ ጆሮዎን እንደምወስድብዎት አውቃለሁ። እሱን ሳስብ እንባዬ ይመጣል። ቢሆንም እናቷ ነኝ።

ልጅዎ ሰብለወንጌል


ሮማ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ግዛቸው

ፍልሰታን በሰላም እንደፈቱ ተስፋ አለኝ። ኔትወርኩ ተከፈተ ሲባል ለጎረቤትዎ ደውዬ ነበር። «ደህና ናቸው፣ ሐይቅ ዳር ናቸው፣ ዚንኩም ደርሷቸዋል» አለችኝ። እየሩስን አገናኘችኝ፤ ድምፅዋ ትልቅ ሰው ሆኗል። ምን እንደምትል ጠፍቷት «እማዬ፣ እዚያ ዝናብ አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት።

ጋሼ፣ እምቢ ከሆነም እምቢ ይበሉኝ። ችዬው እኖራለሁ፣ አልቀየምዎትም። የከበደኝ ዝምታዎ ነው።

ሰብለወንጌል


ጎርጎራ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለወንጌል

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ደመራው ወደ ምሥራቅ ወደቀ፤ ሽማግሎቹ ጥጋብ ነው ብለዋል። ያድርገው።

መልስ ያዘገየሁት መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ ከእጄ አልወጣ ብሎኝ ነው። ወረቀቱን አወጣለሁ፣ ስለ እምቦጭ እጽፋለሁ፣ ስለ ጉልበቴ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እቀደዋለሁ።

ዚንኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የተበላውን ቦታ በጣቴ ስነካው የባሕሩ አፍ ይታወቀኛል። እየሩስ አይታ መዳፌ ላይ «ማን በላው?» ብላ ጻፈች። ባሕር ነው፣ በፕሮፔለሩ ፈንታ ነው አልኳት። ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየችው። የውሻ ጥርሷን አምጥታ ከጎኑ አኖረችለት፤ ሁለቱም የባሕር እንግዶች ናቸው መሰለኝ።

በጳጉሜን ነፋሱ እምቦጩን ሁሉ ወደኛ ገፋው። አንድ ጀልባ ከነሰዎቹ ተያዘ። እስከ ወገቤ ገብቼ ፕሮፔለሩን ስፈታ እየሩስ ዳር ቆማ ሰዎቹ የሚሉትን በእጇ ታሳየኝ ነበር፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ቁም። ጀልባው ተፈትቶ ሲሄድ ሁሉም አጨበጨቡ፤ ሳልሰማው እጃቸውን አየሁት። ከውኃው ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ጠየቅኳት። እናትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ ወይ አልኳት።

መዳፌን ይዛ ጣቷን አሳረፈችበት። ከዚያ «እርስዎስ?» ብላ ጻፈች።

እጄን ጨበጥኩት። እንዳላነበብኩ ሆኜ ወደ ሐይቁ አየሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ መሄድ እንደምትፈልግ ከዓይኗ አነበብኩት፣ የምትጠብቀው ግን እኔን ነው። ይህንን እንድትሸከም ያደረግኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ተነስቼ ልጽፍልሽ ነበር፣ እጄ ግን እስከ ዛሬ ድረስ እምቢ አለኝ።

ሰብለ፣ ለልጅሽ፣ ለእኔ፣ ለዚህ ቤት ስትይ ሰባት ዓመት እዚያ ተበልተሻል። እኛ እዚህ ስናበራ አንቺ ስታልቂ ዝም ብዬ አየሁ። ዚንክ እንኳ ሲያልቅ ይቀየራል። አሁን ተራው የኔ ነው።

ለኔ አትስጊ። ባለ ጀልባዎቹ መዳፌ ላይ መጻፍ ጀምረዋል። ፊደላቸው የዶሮ ጭረት ነው፤ አንዱ «ገመድ» ሊል ፈልጎ ምን እንደጻፈ እስካሁን አላወቅኩም። ይለምዱታል፣ እኔም እለምደዋለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፣ ደብዳቤ አነባለሁ።

ለዑቕባዝጊ ንገሪው። ከግንቡ ላይ ሆነው እጃቸውን ለሚያውለበልቡልን ልጆች እኛም እናውለበልብ ነበር በይው። ምናልባት አንዱ እሱ ይሆናል።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ስትደርስ ከሁሉ አስቀድመሽ ያ ወንዝ ከባሕር ወደሚገናኝበት ውሰጃት። እስካሁን ያየችው ውኃ ሁሉ ጣፋጭ ነው። በእፍኟ ዘግና ትቅመሰው። ፊቷ ምን እንደሚሆን አይተሽ ጻፊልኝ።

ዛሬ ጠዋት መዳፍሽን ስጪኝ አልኳት። ሁልጊዜ የምትጽፈው እሷ ስለሆነች ገርሟት ሳቀች። በጣቴ ጻፍኩላት። አንብባ እጇን ጨበጠችው፣ እንዳይጠፋባት። አንቺም እዚያ ሆነሽ መዳፍሽን ዘርጊልኝ።

እሺ።

አጎትሽ ግዛቸው